የሮቦቱ ንቅሳት

ፉአቲኖ የሮቦቱን ግራ ዓይን ለሦስተኛ ጊዜ አጥፍታ እንደገና ሣለችው። አሁን ሳቀ። ከክብና ከአራት ማዕዘን ሌላ ምንም አልተጠቀመችም፤ ደረቱ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ጣል ስታደርግበት ግን ቆርቆሮው አብለጨለጨ። እንዲህ ዓይነት እጅ ለሁሉም አይሰጥም።

በሳሞአ ደሴቶች ዋና ከተማ፣ አፒያ ባለው ማተሚያ ቤት ሥራዋ ባነር መቁረጥ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የሮቦት ቡድን ቲሸርት የሚሆነው ይህ ሥዕል ካለፈላት፣ አለቃዋ ከመቀስ አላቅቆ ኮምፒውተሩ ላይ ሊያስቀምጣት ቃል ገብቷል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ትናንት ረቂቁን በስልክ አይተው ከሁሉ የወደዱት፣ እንደ ሳሞአ ወንዶች ከወገቡ እስከ ጉልበቱ የወረደውን ንቅሳት ነበር። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ መጥተው ያጸድቃሉ።

አጎቷ ላፋኤሌ ምሳዋን ይዞላት ገባ። ስክሪኑን ሲያይ ሳቁ ቤቱን ሞላው።

"ይሄ ቆርቆሮ ከእኔ ያምራል እኮ! በእጅሽ ነው የሠራሽው?"

"በማውስ ነው፣ አጎቴ።"

ጎንበስ ብሎ ሲያስተውል ፊቱ ተለወጠ። "አንድ እግሩ ባዶ ነው። ንቅሳቱ ግማሽ ነው።"

በሳሞአ ይህን ንቅሳት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ዕድሜ ልኩን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው፤ ቤተሰቡም አብሮት።

"ቆይ፣ አሁን ይሞላል።" የቀኙን ቀድታ ወደ ግራ ገለበጠችው።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

ላፋኤሌ አልተቆጣም። በሽርጡ ላይ የራሱን ጭን ዳበሰ። "እኔ ስነቀስ አሥራ አንድ ቀን ነው መርፌው ሥር የተኛሁት። በአራተኛው ቀን ተነስቼ ልሮጥ ስል እናትሽ ጭንቅላቴን ታቅፋ፣ እየዘፈነች ያዘችኝ። የዚህንስ ጭንቅላት ማን ያዘለት?"

"ላጥፋው?"

"እኔ ምን አውቄ? ሥራው ያንቺ ነው። በይ ጎደሬው ሳይቀዘቅዝ ብዪ።"

ፉአቲኖ ምሳውን አልነካችውም። ንቅሳቱ ለብቻው የተሣለበትን ንጣፍ፣ ሌየሩን፣ መርጣ አጠፋችውና ሮቦቱን ሰማያዊ ሽርጥ አገለደመችው።

ርዕሰ መምህሯ ገብተው መነጽራቸውን አደረጉ። "ንቅሳቱስ? እኔ የወደድኩት እሱን አልነበር እንዴ?"

አለቃዋ ከፕሪንተሩ ጀርባ አንገቱን አሰገገ። የጠፋውን መመለስ ቀላል ነበር፤ ፉአቲኖ ግን እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

"ገና ልጅ ነው፣ መምህርት" አለች። "ሲደርስ ቤተሰቡ ባለበት ይነቀሳል።"