ያጠፋሁት መከላከያ

ያጠፋሁትን የቫይረስ መከላከያ ማን መልሶ አበራው? ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። እስካሁን ሳስበው አይገባኝም።

ነገሩ የመጣው ጓደኛዬ ቬልማ ባቀበለችኝ ፍላሽ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስበን፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመን የአልጋ ልብስ የምንሰፋ ሴቶች፣ ንድፎቻችንን በአንዲት ፍላሽ ከቤት ቤት እናዞራለን። ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ሁሉ፣ ፍላሿም የራስን ንድፍ ሳይጨምሩባት አትተላለፍም። አልቀበልም ማለት ነውር ነው።

የእኔ ኮምፒውተር ከተበላሸ ከርሟል። የልጅ ልጄ ሲግኒ ወደ ሥራ ስትሄድ የራሷን ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ትታው ነበር። ከነርስነት ትምህርት የሚያስመርቃት ጽሑፍ እዚያው ውስጥ ነው፤ ነገ ታስረክባለች። ፍላሿን ስሰካ የመከላከያው ማስጠንቀቂያ ብቅ አለና የቬልማን ንድፍ ከለከለኝ። ደወልኩላት።

«ውይ ዶሪን፣ እሱ እኮ እንደ አንቺ ጥላውን የሚፈራ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። «አጥፊው፣ ንድፉን ክፈቺ፣ ከዚያ መልሰሽ አብሪው። በቃ።»

«ቢበላሽስ? የልጅቷ ነው እኮ።»

«ምነው፣ የእኔን ነገር ተጸየፍሽው እንዴ?»

እንዲህ ስትለኝ ምን ልበል? አጠፋሁት። «እርግጠኛ ነሽ?» ዓይነት ነገር ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ንድፉ ተከፈተ፤ የቬልማ ከዋክብት ያምሩ ነበር። የራሴን ንድፍ ጨምሬ ፍላሿን ለጎረቤቴ ለኢንግሪድ አቀበልኩ። ደጃፉ ላይ የተከመረውን በረዶ ጠርጌ ስመለስ መከላከያው ትዝ አለኝና ላበራው ተጫንኩት። አሁንም ጠየቀኝ፤ አሁንም አዎ አልኩት። ልቤ አረፈ።

ሲግኒ ገብታ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተች።

«እማማ፣ መከላከያውን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ፣ ግን መልሼ አብርቼዋለሁ!»

«እሱ እኮ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይበራል። በርቶ ሳለ ተጭነሽ እንደገና አጥፍተሽዋል።»

ራሱ ከበራ ታዲያ ቬልማ ለምን አብሪው አለችኝ? መብራት ራሱን ያበራል እንዴ? ልጠይቃት ስል ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁና ተውኩት። ጽሑፏን ደጋግማ ብትጫነው አልከፈት አለ። ስሙ ሳይቀር ተለውጦ የማይነበብ ፊደል ሆኗል።

«ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽውም?»

«ያለኝ የመስከረሙ ቅጂ ነው።» አሁን ኅዳር ሊያልቅ ነው። «ፍላሿስ የት አለች?»

«ኢንግሪድ ጋ። ባዶዋን አልሰጠኋትም፣ ንድፌን ጨምሬ ነው።»

ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ምን ባልኩ? ባዶዋን ብሰጣት ይሻል ነበር?

«ኢንግሪድ ጋ ልደውል? ወይስ ቬልማን ልጠይቅ?» አልኩ። «ወይስ አሁን ባበራው ጽሑፉ ይመለሳል?»

ኮምፒውተሩን ከድና በብብቷ ያዘች። ቦት ጫማዋን አጠለቀች።

«መንገዱ ያንሸራትታል፣ ልጄ። እራትሽንም አልበላሽ።»

በሩን ከፍታ ወደ ኢንግሪድ ቤት ሮጠች።