ጋራዡ ክፍት ነበር

ሲራጁዲን ወደ ሌዊስቪል ከመምጣቱ በፊት ዴንቨር ኖሯል፤ እዚያም ስኪ፣ እግር ላይ የሚታሰር ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል። የደሴ ልጅ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ያዩ ጓደኞቹ ቢስቁበትም እሱ ግን ወዶት ቀረ። በዲሴምበር 2008፣ አረፋ ካለፈ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ሚስቱን ሰኪናን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮሎራዶ ተራራ ሊወስዳት አስቦ ሁለት ጥንድ ያገለገሉ ስኪዎችን ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

መጀመሪያ የብረት ጠርዛቸውን በሞረድ ሳለው። ከዚያ ሰም በካውያ እያቀለጠ ሆዳቸው ላይ አንጠባጠበና ካውያውን እየሳበ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረሰው። የሰሙ ጭስ ጉሮሮ ሲይዝ ሰኪና የጋራዡን በር ከፈተችው።

"ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው?" አለችው።

"ሰም ካልጠጣ በረዶው ይይዘዋል። ጠርዙ ካልተሳለ ደግሞ ስትታጠፊ ያንሸራትትሻል።"

"እኔ እንደሆን መንሸራተቴ አይቀርም።"

ሳቀ። ሲራጁዲን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ቤት የገባ በረሮ እንኳ በወረቀት አፍሶ ውጭ የሚጥል ሰው ነበር።

አንድ ቀጭን ሰውዬ በቤቱ ፊት አልፎ ሄደና ተመልሶ መጣ። ወደ ጋራዡ ሲገባ ሰኪና ጎረቤት መስሏት ፈገግ አለችለት። እሱ ከሹራቡ ኪስ ሽጉጥ አወጣ።

"የመኪናውን ቁልፍ" አለ በእንግሊዝኛ።

"ኦኬ፣ ኦኬ" አለ ሲራጁዲን። "ቤት ውስጥ ነው። እሷ ታምጣልህ።"

ሰኪና ወደ ውስጠኛው በር ዞረች። ሰውዬው ፖሊስ ልትጠራ የሄደች ስለመሰለው ክንዷን ይዞ ጎተታትና በሽጉጡ እጀታ ግንባሯን መታት። ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሊደግማት እጁን ሲያነሳ ሲራጁዲን የጋለውን ካውያ አንጓው ላይ ለጠፈበት።

የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ከሰሙ ጋር ተቀላቀለ። ሰውዬው ጮኸ፤ ሽጉጡ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ሰኪና በእግሯ ገፍታ መኪናው ሥር ከተተችው። ሲራጁዲን ከጠረጴዛው አንዱን ስኪ አንስቶ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ሰውዬው ተንበረከከ። የሚቀጥለው ምት ፊቱን አገኘው፤ ቅድም የተሳለው ጠርዝ ጉንጩን እስከ ጥርሱ ተረተረው። ተዘረረ።

እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ሲራጁዲን ግን ስኪውን በሁለት እጁ ከፍ እያደረገ፣ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው የወደቀውን ይመታ ጀመር። የሰውዬው ክንድ ሲሰበር ተሰማ። ሲራጁዲን አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ፊቱ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው የረጋ ነበር። ሰኪናን ከሽጉጡም በላይ ያስፈራት ያ ፊት ነው።

"ሲራጅ፣ በቃ። ወድቋል።"

አልሰማትም።

"ሲራጅ፣ ይሞታል።"

ክንዱን ልትይዝ ስትሞክር በክርኑ ገፈተራት። ሰውዬው ደም እየተፋ በማይገባ ቃል ይለምናል። ሰኪና ሌላ መላ ሲጠፋባት ሄዳ ላዩ ላይ ተኛችበት። ስኪው ግን መውረድ ጀምሮ ነበር። የትከሻዋ አጥንት ቀጭ ሲል ሰማችው።

ሲራጁዲን ያን ጊዜ ስኪውን ጣለ። እጁን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ፖሊስና አምቡላንስ ወደሚጠራበት ናይን ዋን ዋን የደወለችው ሰኪና ናት።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ፖሊስ ጠየቃት። "ግንባርሽን የመታሽ ሌባው ነው። ትከሻሽንስ?"

"ባለቤቴ።"

ፖሊሱ ቀና ብሎ አያት።

"እኔን ሊመታ አልነበረም" አለች። "ሰውዬውን ግን ሊገድለው ነበር።"

ሲራጁዲን አልተከሰሰም። ሰውዬው አንድ ዓይኑን አጥቶ ዳነ፤ ከሆስፒታል ወደ እስር ቤት ተወሰደ። የኮሎራዶው ጉዞ ቀረ። ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ የመስጊዱ ወንዶች ተሰልፈው ጨበጡት። ኤርፖርት አብሮት ታክሲ የሚነዳው ጦልሃም ቤት ድረስ መጣ።

"ወላሂ ወንድ ነህ" አለው። "ማለቴ፣ እኔ ብሆን ሹት አድርጌ እገድለው ነበር።"

"ሰኪና ላዩ ላይ ባትተኛ ኖሮ ነፍስ አጥፍቼ ነበር።"

"ሶ? ታዲያ ይገባዋል።"

"ቤቴን ልቀቅልኝ፣ ጦልሃ።"

ጦልሃ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሲራጁዲን በሩን ከፍቶ ጦልሃ እስኪወጣ ድረስ ቆመ።

ሰኪና ክንዷ ስለታሰረ ሻሿን ራሷ ማሰር አልቻለችም። ጎረቤቷ አርዋ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታስርላት ነበር። አንድ ቀን አርዋ ሥራ ተጠርታ ቀረች። ሲራጁዲን ሻሹን ይዞ መጣና ከተቀመጠችበት ወንበር ኋላ ቆሞ እጁን ሲያነሳ ሰኪና ሳታስበው ፊቷን ከለለች።

እጁን አወረደ።

"ፈራሽኝ?"

"አዎ" አለችው። "ከፊቴ ሁንና እሰርልኝ። እጅህን እያየሁት።"

ዞሮ መጣና ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። ሻሹን ቀስ ብሎ ጠመጠመ፤ ሰኪናም እስኪጨርስ ዓይኗን ከጣቶቹ ላይ አላነሳችም።