የእርጅና ቅናሽ

«ይሄም አይረባም» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ የአባታቸውን ማቀዝቀዣ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ። አባታቸው ከተቀበሩ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሳሎን ውስጥ ለቀስተኞች ሻይ እየጠጡ ስለ ኑሮ ውድነት ያንሾካሹካሉ፤ እሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ጓዳ ለጓዳ ዕቃ ይገምታል። ሰኞ ሥራ ስለሚገባ አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ሰውዬ ለነገ ቀጥሮታል። ልብስ ሰፊዋ እህቱ ትሪ ይዛ ከኋላው ቆማለች።

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል» አለችው።

«ይስማ። ሌባ ነኝ እንዴ?»

ስምንት ዓመት ያስታመመች እሷ፣ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ «ተሻላቸው?» የሚል እሱ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እዚህ ቤት ምሳሩ አንድ ቢሆንም ለሁሉም ይበቃ ነበር። ቁም ሣጥኑን፣ ሬዲዮውን፣ ወንበሮቹን ሲጽፍ ትሪዋን እንደያዘች ተከተለችው። የስፌት መኪናዋ ጋ ደርሶ እሱንም ሲጽፍ ግን ትሪውን አስቀመጠች።

«እሱን ተወው። የእኔ ነው።»

«ማን ገዛው?»

«አባባ።»

«እንግዲያው የአባባ ነው፤ ለሁለታችንም ይደርሰናል።»

ጉሮሮዋን የምትዘጋው በዚያ መኪና ነው። የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ የምታሳጥረው፣ የአባቷን መድኃኒት ስትገዛ የኖረችው በእሱ ነው። ቢሸጥ ነገ ምን ሠርታ እንደምታድር አታውቅም። ይህን ለወንድሟ ማስረዳት ስለታከታት፣ የአባታቸው መዝገብ ይፍረደን አለች።

አባታቸው ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ንብረት መዝጋቢ ነበሩ። በየወንበሩና በየጠረጴዛው ላይ ቁጥር ይለጥፋሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ የእርጅና ቅናሽ ብለው ከዋጋው ያወርዳሉ። ቤት ሲገቡም አመላቸው አይለቃቸውም፤ ጭልፋ እንኳ ሳትቀር መዝገብ ላይ አለች። ልብ የሚያወልቅ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን፣ በሩ በገመድ የሚታሰረውን ማቀዝቀዣ እንቀይረው ብትላቸው መዝገቡን ገልጠው አሳዩአት። ዋጋው ዓመት በዓመት ወርዶ ወርዶ አንድ ብር ላይ ቆሟል። ዜሮ የተባለ ዕቃ ይወገዳል፣ እያገለገለ ያለ ዕቃ ደግሞ ዜሮ አይባልም አሏት።

«ታዲያ ያ ሁሉ የቀነሰው ዋጋ የት ገባ?» አለች በንዴት።

«የትም አልጠፋም። እኛ ተገለገልንበት» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ስንት ዓመት ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሽበት? እሱ ነው።»

ያን ዕለት ተናዳ ወጣች። አርባ ሊሞላት ነው፣ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ስለ ማቀዝቀዣ ሲያወሯት ስለ እሷ ያወሩ መሰላት። የእሷ ዕድሜ የት እንደገባ ግን የሚመዘግብላት አልነበረም።

አሁን ወንድምና እህት ጎን ለጎን ቆመው ገጽ በገጽ ገለጡ። ጭልፋዋ አለች። የተሰበረ ጃንጥላ አለ። የስፌት መኪናው የለም። ከኋላ ወደ ፊት ደግመው አዩ፤ የለም።

«ረስተውታል» አለ ወንድሟ። «እንኳን የአንቺ ነው ብለው ሊጽፉልሽ።»

ሆድ ባሳት። ለጭልፋ ቁጥር የሰጡ ሰው፣ አሥራ አምስት ዓመት አንገቷን የደፋችበትን መኪና እንዴት ይረሳሉ? በሞተ ሰው መናደድ ነውር ቢሆንም ተናደደች።

ንትርካቸው ሳሎን ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ የአባታቸው የድሮ ባልደረባ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ፣ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ገቡ። ነገሩን ሰምተው መዝገቡን አገላበጡና ወንድሟን ቀና ብለው አዩት።

«አባትህ የገዛልህ ብስክሌትስ አለች?»

ፈለገ። አልነበረችም። ተማሪ ሳለ ሸጧት ገንዘቡን ሲበላ ማንም አልጠየቀውም።

«እሱ አይረሳም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ሠራተኛ ከቤቱ ያመጣውን ኩባያ አንድ ቀን መዝግቦ አያውቅም። አባታችሁ የሰው ንብረት አይመዘግብም ነበር።»

ወንድሟ ወረቀቱ ላይ የስፌት መኪናውን ሰርዞ ወጣ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አልሆነላትም። ይህን ነገር በሕይወት እያሉ አፍ አውጥተው ቢነግሯት ምን ነበረበት? ወንድሟ ለሰው ይሰጥ ብሎ ከቆለለው ልብስ ላይ የአባቷን ኮት አነሳች። የቀኝ ኪሱ ተተርትሯል። ሁለት ወር ሙሉ «ኪሴን ስፊልኝ» ሲሏት «ነገ» ስትላቸው ከርማለች።

ተቀመጠችና ክር አስገባች። መኪናው ሲንኳኳ ሳሎን ካሉት ለቀስተኞች አንዲት ሴት በዚህ ቀን ይሰፋል እንዴ አለች። ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ እንባዋ እጇ ላይ እየወረደ፣ ዳግመኛ እንዳይተረተር ኪሱን ሁለት ጊዜ ሰፋችው። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ኮቱን አራግፋ፣ አባቷ ጠዋት ጠዋት ከሚያነሱበት ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው።