የእትዬ ጥሩብርሃን ትንፋሽ

እትዬ ጥሩብርሃን ከገጠር፣ ከኮንጋ የመጡ ሰሞን ሊያሳብዱኝ ነበር። ሥራዬ ዲላ ላይ፣ የካንሰር ሕሙማንን በጨረር ማከም ነው። የእሳቸው ካንሰር የግራ ጡታቸው ላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ልብ አለች። በረጅሙ ስበው ትንፋሻቸውን ሲይዙ ደረታቸው ከፍ ይላል፣ ልብም ከጨረሩ ትሸሻለች። ትልልቅ ሆስፒታሎች ትንፋሽ የሚከታተል መሣሪያ አላቸው። እኛ ያለን አንድ አሮጌ ማሽን፣ ካሜራ፣ ማይክና ደረታቸው ላይ በእስክሪብቶ ያሰመርኩት መስመር ነው። መስመሩ ከግድግዳው ከሚመጣው ቀጭን ብርሃን ጋር ሲገጥም ጨረሩን እለቃለሁ፤ ሲወርድ አቆማለሁ።

ጨረሩን ሳልከፍት ላለማምዳቸው ከውጭ ሆኜ በማይኩ፣ «ይሳቡ፤ አሁን ይያዙ!» እላለሁ።

«እሺ የኔ ጌታ፣ ያዝኩ!»

ትንፋሹ ወጣ፣ መስመሩ ወረደ።

«እትዬ፣ አይመልሱልኝ!»

«እሺ፣ አልመልስም።»

ሰው ሲናገር ዝም ማለት ነውር ነው ተብለው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ምን ላድርግ! እንዲሁ ስንል ዋልን። በመጨረሻ ሐኪማቸው ዶክተር ኃይለኢየሱስ ፊታቸው ጠቆረ። «እንዲህ ከሆነ ልባቸውን በጨረር አላስመታም። አዲስ አበባ ሄደው ወረፋ ይያዙ» አሉ። ወረፋው እስኪደርስ በሽታው እንደማይጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬም አውቀውታል፤ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው አለቀሱ።

ኮሪደሩ ላይ አስታማሚያቸው፣ የባላቸው እህት ወይዘሮ አትጠገብ፣ «ተነሺ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል» አሏቸው።

ዝም።

«ውሃ ልስጥሽ?»

ዝም። ለራዲዮ እንኳ «እሺ» ብለው የሚመልሱ ሴት!

«ተኳርፈን ነው» አሉኝ ወይዘሮ አትጠገብ። «በልጇ ሰርግ ወጥሽ ቀጠነ ብያት። ታዲያ ቢኮራረፉስ፣ ሕመምተኛ ብቻውን ይላካል እንዴ?»

እትዬን ወደ ማሽኑ መልሼ፣ የወይዘሮ አትጠገብን እጅ ይዤ እየጎተትኩ ማይኩ ፊት አስቀመጥኳቸው።

«እኔንማ አታናግረኝም!»

«ለዚሁ እኮ ነው የፈለግሁዎት!»

«ሳቢ! ያዢ!» ብለው ጮኹ። የእትዬ ደረት ተነፋ፣ መስመሩ ከብርሃኑ ጋር ገጠመ፣ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ዶክተሩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወጡ። ሕክምናውም ተጀመረ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በአንድ አውቶቡስ ይመጣሉ፣ አንዳቸው በቀኝ መስኮት፣ ሌላቸው በግራ መስኮት እያዩ። ወይዘሮ አትጠገብ ማይኩን ለማንም አይሰጡም። «ያዢ» ባሉ ቁጥር የራሳቸውንም ትንፋሽ ይይዛሉ፤ ፊታቸው ቲማቲም እስኪመስል።

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ዘነበ ሽማግሌ አስከትለው ሊያስታርቋቸው ከች አሉ። በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

«ፓስተር፣ በጌታ ይዤዎታለሁ፣ ሕክምናው እስኪያልቅ አያስታርቁብኝ!»

«ጸብ የሚንከባከብ ሆስፒታል ገና ዛሬ አየሁ» ብለው እየሳቁ ተመለሱ።

በመጨረሻው ቀን ማሽኑ ጸጥ ሲል ወይዘሮ አትጠገብ፣ «ተንፍሺ፤ ጨረስሽ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ።

ከውስጥ፣ «እሺ እህቴ» የሚል መልስ መጣ።

ወይዘሮ አትጠገብ ማይኩን ጥለው ሮጡ። «ታረቅሽኝ?»

«ኧረ እኔስ የታረቅሁሽ የመጀመሪያው ቀን ነው» አሉ እትዬ፣ ልብሳቸውን እየቆለፉ። «እንዲያ ስትጮኺ ፈርተሽልኝ እንደሆነ ገባኝ። ግን አንዴ አፌን ከከፈትኩልሽ መዝጋት እንደማልችል አውቃለሁ። ልቤን ላትርፍ ብዬ ነው ያኮረፍኩሽ። ከሕመሙም ከጨረሩም የከበደኝ አንቺን አለማናገሩ ነው።»