ስድስት ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ

፩. ማስታወቂያ

ለጠረፍ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ሠራተኞች በሙሉ፤

በሁለተኛ ፎቅ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን የሚገኘውን አሮጌ ሰርቨር «ጋሼ» ብሎ መጥራት ከዛሬ ግንቦት 11 ቀን ጀምሮ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን የሥራ አመራሩ በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ያስታውቃል። ሰርቨሩ ወደ አዲሱ ማዕከላዊ መዝገብ ስለሚገባ የሚጠራው «ሰ-01» ተብሎ ብቻ ነው። ይህን ተላልፎ የተገኘ ሠራተኛ በመመሪያው መሠረት ይጠየቃል።

ምንተስኖት ገላው
የመረጃ ሥርዓት መምሪያ ኃላፊ
(ፊርማና ቲተር አለው)

፪. ለማያውቅ

ማዕከላዊ መዝገብ ማለት የድርጅቱ ማሽኖች በሙሉ ስምና አድራሻቸውን የሚያስመዘግቡበት፣ እንደ ቀበሌ ያለ ሶፍትዌር ነው። እዚያ ያልተመዘገበ ማሽን ለሌሎቹ ማሽኖች የለም። ጋሼ (ይቅርታ፣ ሰ-01) የሃያ አንድ ዓመት የመኪና ስምሪት ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሌለው። የትኛው መኪና መቼ ወጣ፣ ምን ጫነ፣ ማን ነዳው፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ነው።

፫. ሙከራ አንድ

አልተመዘገበም።

፬. ሙከራ ሁለት

አልተመዘገበም። ምንተስኖት ገመዱን አወዛወዘ።

፭. ሙከራ ሦስት

አልተመዘገበም። በዚህኛው ግን መዝገቡ ምክንያቱን ጻፈ፦

*የሰዓት ልዩነት፦ 6 ሰዓት ከ0 ደቂቃ።*

ሰዓቱን ለማስተካከል የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። የቦርዱ አባላት ምዝገባውን በዓይናቸው ሊያዩ ሐሙስ ይመጣሉ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

፮. አንድ ሰው

ልሳነወርቅ። ጋሼን ለአሥራ ስምንት ዓመት ያስተዳደረ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ምድር ቤት ባለው ግምጃ ቤት ጎማ የሚቆጥር። ሰኔ 30 ጡረታ ይወጣል። ፋይሉ ውስጥ «በቸልተኝነት ሰርቨር ያጠፋ» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አለ። ከዚያ ግቢ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያች ወረቀት ከፋይሉ ወጥታ እሱ እንዲወጣ።

አንድ ነገር ብቻ አልኩ? ሁለት ነው። ሁለተኛውን ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

፯. ካውያ

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሐምሌ 9። ምንተስኖት የከሰዓት ተረኛ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመምሪያ ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ አለበት፤ ኮቱ ግን ተጨማድዷል። ካውያ ከቤቱ ይዞ መጥቷል። በሰርቨር ክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው።

የጋሼን ገመድ ነቅሎ ካውያውን ሰካ።

ኮቱ አማረ። ምንተስኖት አለፈ። የዘጠኝ ቀን ስምሪት ጠፋ።

ልሳነወርቅ ከምሳ በኋላ የረሳውን መነጽር ሊወስድ ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ከሰርቨሩ ጀርባ አንድ ካውያ ተቀምጧል። ነካው። ይሞቃል።

፰. ከአጣሪ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ

ሰብሳቢ፦ የጠፋው ስንት ሰዓት ላይ ነው ይላል?

ጸሐፊ፦ 8:10።

ሰብሳቢ፦ ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። በእኛ ስንት ይመጣል?

ጸሐፊ፦ ጠዋት ሁለት ከአሥር።

ሰብሳቢ፦ የጠዋት ተረኛ?

ጸሐፊ፦ አቶ ልሳነወርቅ።

ሰብሳቢ፦ አቶ ልሳነወርቅ፣ የሚሉት አለ?

አቶ ልሳነወርቅ፦ እኔ አልነቀልኩም።

ሰብሳቢ፦ ሌላስ?

አቶ ልሳነወርቅ፦ (ዝም)

፱. ኮሚቴው ያልጠየቀው

ጋሼ በፈረንጅ አይቆጥርም። የተተከለ ዕለት ልሳነወርቅ ሰዓቱን የሞላለት ከእጁ ሰዓት አይቶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ለጋሼ 8:10 ማለት ስምንት ከአሥር ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ እንደ እናንተና እንደ እኔ።

በዚህ አገር ግን የማሽን ሰዓት ያየ ሰው ሳያስበው ስድስት ይቀንሳል። አምስት ዲግሪ ያላቸው አምስት ሰዎች ተቀምጠው ቀነሱ። ምንተስኖትም እዚያው ነበር። እሱ ትክክለኛውን ሰዓት ያውቃል፤ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ ሲቀንሱ አያቸው።

፲. ጎማ ቤት

ምንተስኖት፦ ጋሽ ልሳኔ፣ ጎማው እንዴት ነው?

ልሳነወርቅ፦ ክብ ነው።

ምንተስኖት፦ ጨዋታዎ እንዳለ ነው። ያቺን የይለፍ ቃል ፈልጌ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ አልሰጥህም። መጥቼ ራሴ አስገባዋለሁ።

ምንተስኖት፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ልሳነወርቅ፦ የሰዓት ማስተካከያ ቅጹን አንተ ከፈረምክ አሥር ደቂቃ።

ምንተስኖት፦ መፈረሙ ቀላል ነው። ቂም የለብዎትም አይደል?

ልሳነወርቅ፦ የምን ቂም?

ምንተስኖት፦ እንዲያው ማለቴ ነው። ያቺ የሐምሌዋ ነገር…

ልሳነወርቅ፦ የሐምሌ የቱ?

ምንተስኖት፦ ይተዉት በቃ። ይኑሩልኝ።

፲፩. አንባቢ ሆይ

ልሳነወርቅ ሰርቨሩን ያበላሸዋል ብለህ እየጠበቅህ ነው። እኔም እንደዚያ አስቤ ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ሽቦ ይበጠሳል፣ ጭስ ይወጣል፣ ቦርዱ ይሸሻል። ቀደድኩት። ልሳነወርቅ ያሰበው ከዚያ የከፋ ነገር ነው። ሥራውን ሊሠራ ነው።

በትክክል።

፲፪. ቅጽ

1. የሰርቨሩ መጠሪያ፦ ሰ-01

2. ከመዝገቡ ሰዓት ያለው ልዩነት፦ 6 ሰዓት ከ0 ደቂቃ ወደ ኋላ

3. ልዩነቱ የጀመረው፦ ሰርቨሩ ከተተከለበት ቀን አንስቶ

4. ልዩነቱ በቀድሞ መረጃዎች ሁሉ ላይ ይደመር? አዎ

5. ከላይ የተሞላው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። የመምሪያ ኃላፊ፦

ምንተስኖት አምስተኛውን ብቻ አነበበ። ፈረመ። ቲተሩን አፉ ድረስ አቅርቦ «ሃ» አለበትና መታው።

ልሳነወርቅ ቅጹን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከወገቡም ትንሽ ጎንበስ ብሏል።

፲፫. ሙከራ አራት

ሐሙስ፣ የስብሰባ አዳራሽ። ሰባት የቦርድ አባላት፣ ሰባት የታሸገ ውሃ። ዋና ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ፀዳለ ከፊት። ልሳነወርቅ ከኋላ ወንበር።

ግድግዳው ላይ፦

*ሰ-01 ተመዝግቧል።*

ተጨበጨበ። ምንተስኖት እጅ ነሳ። መዝገቡ ግን አዲስ ማሽን ሲቀበል ታሪኩንም አብሮ ይቀበላል፤ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ የተረኞችን ሰንጠረዥ ከጎኑ ያደርጋል። ሰንጠረዡን ባለፈው ሳምንት የጫነው ምንተስኖት ራሱ ነው።

*ረጅሙ መቋረጥ፦ ሐምሌ 9፣ 14:10። ምክንያት፦ የኃይል ገመድ። ተረኛ፦ ምንተስኖት ገላው።*

«14:10 በእኛ ስንት ነው?» አሉ አንድ የቦርድ አባል።

«ስምንት ከአሥር» አለች ከጎናቸው ያለችው።

«የጠዋቱ?»

«የከሰዓቱ እንጂ።»

«ስህተት ነው» አለ ምንተስኖት። «ሰርቨሩ ያረጀ ነው፤ ሰዓቱ አይታመንም።»

ወይዘሮ ፀዳለ ቅጹን ከፋይል አውጥተው ወደ እሱ ገፉለት። «ይታመናል ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?»

ምንተስኖት ቅጹን አየ። ቲተሩን አየ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ የኋላውን ወንበር አየ።

ልሳነወርቅ የሚፈልገው ሁለተኛ ነገር ያልኳችሁ ይህች ነበረች። ያች ፊት። ቸኩሎም አላያት።

&nbsp;

&nbsp;

፲፬. ሰኞ፣ የወይዘሮ ፀዳለ ቢሮ

ምንተስኖት ታግዷል። ጠረጴዛው ላይ የልሳነወርቅ ፋይል ተከፍቶ ማስጠንቀቂያው ከላይ ሆኗል።

«ይቺን ዛሬ አነሳታለሁ» አሉ። «ግን ለቦርዱ የማቀርበው ግማሽ ገጽ ያስፈልገኛል። ያን ቀን ‹ሰዓቱ የእኛ ነው› ቢሉ ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።»

«አይፈጅም ነበር።»

«ፈርተው ነው?»

«አይደለም።»

«ሰዓቱን ያለፈቃድ ስለሞሉት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ሰውዬው ከፍ እስኪል ነው የጠበቁት? ሰው እስኪሰበሰብለት?»

ልሳነወርቅ ይህኛውን ግን «አይደለም» አላለም፤ መስኮቱን አየ። ግቢው ውስጥ አንድ ተሳቢ ወደ ኋላ እየገባ ነበር።

«አቶ ልሳነወርቅ፣ ይህ ካልተሞላ ማስጠንቀቂያው አይነሳም። ፋይልዎ ውስጥ እንዳለ ጡረታ ይወጣሉ።»

«ገብቶኛል።»

ወረቀቱን ገፉለት። እስክሪብቶውንም ከላዩ አኖሩበት።

*ለሦስት ዓመት ዝም ያሉበት ምክንያት፦*

&nbsp;

&nbsp;

&nbsp;

«አልሞላም» አለ።

«ለምን?»

«አልናገርም።»