ሙሽራዋ ላይ የተሳፈሩት

ወንድሜ ቀንድ አውጣ ያረባል። ዶሮ አላልኩም፣ ንብ አላልኩም፤ ቀንድ አውጣ! ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ ሽንብራ የማታክል ፍጥረት ላይ ውሃ ሲረጭ ይውላል። ሰፈሩ «የቀንድ አውጣ እረኛ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። እኔም ደንበኛ ሲጠይቀኝ «ምርምር ላይ ነው» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

ታዲያ ሰኞ ጠዋት የመስታወት ሣጥኑን ታቅፎ ልብስ ስፌት ቤቴ ድረስ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ የምርምር ክፍላችን ማሞቂያ ተበላሸ። ያንቺ መተኮሻ ክፍል ደግሞ ሙቀቱም እንፋሎቱም ልክ እንደ አገራቸው ነው።»

«አገራቸው የት ነው?»

«ሞቃት ደሴት ላይ ያለ ጫካ። አሁን እዚያ አንድም አልተረፈም። የቀሩት እነዚህ አሥሩ ብቻ ናቸው።»

ከዚያ የልቡን ነገረኝ። እነዚህ እንደሌሎቹ እንቁላል አይጥሉም፤ አንድ አንድ ልጅ ነው የሚወልዱት። ግን ከመጡ ጀምሮ አንዷም አልወለደችም። አለቃው ታክቶት «እስከ ቅዳሜ ማታ ካልተወለደ ክፍሉ ይዘጋል» ብሎታል። ክፍሉ ከተዘጋ ደግሞ አልኮል ውስጥ ተነክረው ብልቃጥ ይገባሉ። ይህን ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ፤ አንጀቴን በላው። «አስቀምጣቸው» አልኩት፤ «ጨርቄን የነኩ እንደሆነ ግን ወዮልህ!»

ዓርብ ዕለት የአንዲት ሙሽራ ቬሎ እየጨረስኩ ነበር። ልጅቷን አልወዳትም፤ እኔን የመሰለች ሴት «እማማ» ትለኛለች። ቬሎው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ከእጄ እንደዚያ ያለ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። ከወገቡ እስከ መሬት ነጭ ዶቃ በዶቃ ነው። በመጨረሻ ለዓይነ ርግቡ የሚሆን መረብ ጨርቅ ስንዝር አነሰኝ። ሱቅ ተዘግቷል። ዞር ስል የሣጥኑ አፍ ላይ የተወጠረው መረብ ታየኝ፤ ነጭ፣ ስስ፣ ጽድት ያለ። ምን ላድርግ? ፈታሁት። በምትኩ የሻሽ ቁራጭ በረጃጅም ስፌት ያዝ ያዝ አድርጌ ከደንኩበት። ቀንድ አውጣ ስፌት ይተረትራል ብሎ ማን ያስባል! ቬሎውን አሚዶ አጥግቤ ተኮስኩና ከሣጥኑ በላይ ሰቀልኩት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ወለሉን ሳልጠርግ፣ የሙሽራዋ እህቶች እየተጣደፉ መጥተው ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ሲገባ ሻሹ ተንጠልጥሏል፤ ሣጥኑ ባዶ ነው። ከሣጥኑ አፍ ተነስቶ በግድግዳው ላይ እስከ ልብስ መስቀያው የሚያብረቀርቀውን የልጋግ መስመር በጣቱ ተከተለ።

«እትዬ፣ አሚዶ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከድንች ነዋ።»

«በቃ፣ ሸቷቸው ወጥተዋል» አለ። «ቬሎው ላይ ናቸው።»

ነጭ ናቸው፤ ክብ ናቸው። ሲጠግቡ ደግሞ ባሉበት ተጣብቀው ይተኛሉ። ሙሽሪት ለብሳቸው ሄዳለች!

መቀሴን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወደ ሠርጉ አዳራሽ በረርን። ሰው ፊት ቀና ብሎ የማያወራው ወንድሜ ጭፈራውን ሰንጥቆ ገብቶ ሙሽራዋ እግር ሥር ተደፋ። እኔም ተከትዬ ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ምንድን ነው?» አለች ሙሽራዋ።

«ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ስፌት ላስተካክል ነው!»

ለቀማ ጀመርን። እሱ ዓይኑ የለመደ ስለሆነ አይሳሳትም፤ እኔ ግን ብርጭቆ ውስጥ የከተትኩት ግማሹ ዶቃ ሆኖ ተገኘ። እንግዶቹ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ያጨበጭባሉ። ዘጠኙ ተገኙ። አሥረኛዋን ስንፈልግ ወንድሜ ከቀሚሱ ሥር ጮኸ።

«ወልዳለች!»

ሙዚቃው ቆመ። የሙሽራው እናት ወንበር ፈለጉ። «ኧረ ቀንድ አውጣዋ ናት! ቀንድ አውጣዋ!» አልኩ፤ ማረጋጋቴ ነበር። ይባስ ብሎ አዳራሹ በጩኸት ቀለጠ፤ ሚዜዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ሙሽራዋ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። እዚያ ላይ ወደድኳት።

አጎንብሼ አየሁ። የቀሚሱ የታችኛው ጫፍ ቅምቅማት እጥፋት ውስጥ፣ አሚዶ ባደረቀው ጨርቅ መሀል እናትየዋ ተወሽቃለች። ከጎኗ ሰሊጥ የምታህል ልጇ አለች፤ ቅርፊቷ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሁለት ክር የመሰሉ ቀንዶቿን አውጥታ ዓለምን ትዳብሳለች። ሳምንቱን ሙሉ አብረውኝ ከርመው አንድም ቀን ጠጋ ብዬ አላየኋቸውም ነበር።

«ብነካት ትደቃለች» አለ ወንድሜ። «ጨርቁ ካልተቆረጠ አትወጣም።» ቁረጪልኝ ለማለት ግን አልደፈረም። ሥራዬ ላይ መቀስ ያነሳ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃላ!

ሙሽራዋን ቀና ብዬ አየኋት።

«ካልተቆረጠ ትሞታለች?» አለችኝ።

«ትሞታለች።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

ቆረጥኩት። ከፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያየው በኩል፣ ድፍን ስንዝር ከነዶቃው። አልቆጨኝም ብል ውሸቴን ነው፤ እንባዬ መጥቷል። ወንድሜ ቁራጩን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ ወደ በሩ ሲራመድ ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፈው። እኔ ብርጭቆውን ይዤ ከኋላው ነኝ።

ደጅ ስንወጣ መሽቶ ነበር። እጁ ስለተያዘ አለቃው ጋ ደውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት።

«ተወልዳለች» አለ።

«ማን አየ?» አለ አለቃው፤ እኔ ድረስ ይሰማል። «ዛሬ የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ነው አይደል? ማስረጃህ ምንድን ነው?»

ወንድሜ መንተባተብ ጀመረ። ስልኩን ወደ ራሴ ጆሮ ወሰድኩት።

«ጌታው፣ እኔ አይቻለሁ! እኔው በእጄ አዋልጃታለሁ። በሉ ማሞቂያውን ያስጠግኑና ክፍሉን ያሙቁ፤ አራስ ይዘን እየመጣን ነው።»