ወደ ላይና ወደ ኋላ

"እናቴን እንደ ባለጌ ልጅ ጆሮዋን ትቆነጥጫታለሽ?"

ፈሪሃ እጇን ሳታነሳ ዞረች። የቤቱ እመቤት ነጂባ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማለች። አልጋው ላይ የተቀመጡት አሮጊት እናቷ ሀጃ መምጣቷን አላወቁም፤ እንደ ወትሮው ጆሯቸውን ለፈሪሃ ሰጥተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"አይደለም ማዳም፣ የመስሚያ መሣሪያቸውን ላስገባ ነው።"

የጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ገባ ሲል ይጣመማል። የላይኛውን ጠርዝ ይዘው ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ይቃናል፤ ያኔ በሀጃ ጆሮ ልክ የተቀረጸችው ፕላስቲክ ጎድጓዳውን ተከትላ ሰተት ትላለች። ይህን ለፈሪሃ ያሳየቻት መስሚያው የተሠራበት ክሊኒክ ነርስ ናት። ነጂባ ያን ቀን መኪና ውስጥ ሆና ስልክ ታወራ ነበር።

ፈሪሃ በተሰባበረ ዐረብኛዋ ይህን ለማስረዳት በተንተባተበች ቁጥር ጥፋተኛ መሰለች። ነጂባ ገፋ አድርጋት ወደ እናቷ ጎንበስ አለች።

"ዩማ፣ ይቺ ልጅ ጆሮሽን ትጎትትሻለች?"

መስሚያው ግን ገና ፈሪሃ እጅ ውስጥ ነበር። ሀጃ ያልሰሙትን ሁሉ እንደሚመልሱት ፈገግ ብለው፣ "አዎ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ።

በዚያው አለቀ። ነጂባ መስሚያውን ከእጇ ነጥቃ፣ ፈሪሃን ወዳመጣላት መክተብ፣ ወደ ሠራተኛ አገናኙ ቢሮ፣ ደወለች። መክተቡ አሮጊት መታች የተባለችን ለሌላ ቤት አይሰጥም፤ ወደ አገሯ ይሸኛታል። ሐይቅ ከተማ ያሉትን ታናናሾቿን ደግሞ ከፈሪሃ በቀር ከፍሎ የሚያስተምር የለም።

የዚያኑ ዕለት ወደ መክተቡ ሊወስዳት ሻንጣዋን ያነሳላት ያገሯ ልጅ፣ የቤቱ ሾፌር ነስሩ፣ "ምነው ዝም አልሽ እህቴ?" አላት።

"ተናገርኩ እኮ።"

ደረጃው ጋ ሲደርሱ ነጂባ መስሚያውን ለማስገባት ከምትታገልበት ከሀጃ ክፍል ቀጭን ፉጨት ተሰማ። መስሚያው በደንብ ካልገባ ያፏጫል። ፉጨቱ አላቆመም፤ ሀጃም አመመኝ አሉ።

"ያላ እንሂድ፣ እንግዲህ እሷው ትቻለው" አለ ነስሩ።

ፈሪሃ ተመለሰች። ደፉ ላይ ቆማ የራሷን ጆሮ በሻርፗ ላይ ያዘችና ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሳበችው። ነጂባ እያየቻት የእናቷን ጆሮ እንደዚያው አደረገች። ፉጨቱ ቆመ።

ሀጃ ጀርባቸው ለበሩ ነበር። "ፈሪሃ የት ሄደች?" አሉ።

የነጂባ ጣቶች ገና የእናቷን ጆሮ እንደያዙ ናቸው። ወደ ፈሪሃ አላየችም።

"አገሯ ናፍቋት ነው ዩማ። ራሷ ልሂድ አለች።"

ሀጃ ይህን ጥርት አድርገው ሰሙ።

ፈሪሃ ደረጃውን ወረደች፤ ነስሩ መኪናውን አስነሳ።